‹አንድ ንዝረት› ምን ያህል ነው?

የሞገድን ጠባይ የሚገልጹ ቃላት ታሪክ ከሞገድ ሥዕል ታሪክ ተለይቶ አይታይም። ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1807 (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ትምህርቱ የሚንቀጠቀጥ አካል እንቅስቃሴውን በሚዞር ሲሊንደር ላይ ራሱ እንዲጽፍ የማድረግን ዘዴ ገልጿል። የሰውን ድምፅ ከአየር ተቀብሎ በመስመር የሣለው ግን ኤድዋር ሌዮን ስኮት ደ ማርተንቪል የተባለ የፓሪስ የማተሚያ ቤት ባለሙያ ነው። በ1857 ባስመዘገበው መሣሪያ ድምፁ የተወጠረ ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘችው ጠጉርም በጥላሸት የጠቆረውን ወረቀት ትጭራለች። የስኮት ዓላማ ድምፅ በዓይን እንዲነበብ ማድረግ እንጂ መልሶ ማሰማት አልነበረም።

ሲሊንደሩ በእጅ ስለሚዞር ፍጥነቱ ወጥ አይደለም። ስለዚህ ስኮት በኋላ ከድምፁ መስመር ጎን የመቃኛ ሹካን ንዝረት አብሮ አስጻፈ፤ ይህ ሁለተኛው መስመር የጊዜ ማስመሪያ ሆኖ አገለገለ። በ1860 የተቀረጸ አንድ ዜማ በ2008 በአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥረት በኮምፒዩተር ሲሰማ የሴት ወይም የልጅ ድምፅ መሰለ። ችግሩ የመጣው ከቃል ነበር። የሹካው ልክ በሴኮንድ 500 ንዝረት ተብሎ ተወስዷል። የዘመኑ ፈረንሳውያን ‹ነጠላ ንዝረት› የሚሉት ግን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚደረገውን ጉዞ ብቻ፣ ማለትም ዛሬ አንድ ዑደት የምንለውን ግማሽ ነበር። በ1859 በፈረንሳይ የሙዚቃ መቃኛ ሆኖ የተደነገገው 870 ንዝረትም በዛሬው አቆጣጠር 435 ሄርዝ ነው። በ2009 የሹካው ልክ 250 ሄርዝ ተብሎ ሲታረም ዜማው በእጥፍ ዘገየ፤ ዘማሪውም ወንድ፣ ምናልባትም ስኮት ራሱ፣ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ‹ድግግሞሽ› በሴኮንድ የሚደረግ ንዝረት ነው ብሎ መፍታት አይበቃም፤ የሚቆጠረው ሙሉ ዑደት መሆኑ በፍቺው ውስጥ መግባት አለበት። አምፕሊቲዩድንም ‹የሞገድ ቁመት› ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ እኔ አልስማማበትም። ሞገድ ከባሕር የመጣ ቃል በመሆኑ አንባቢ ቁመቱን ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ጫፍ መለካቱ አይቀርም። አምፕሊቲዩድ ግን ከዕረፍት መስመሩ እስከ አንዱ ጫፍ ያለው ርቀት ስለሆነ የተለካው እጥፍ ይሆናል።

ርዝመተ ሞገድ ደግሞ ከዚህ ሥዕል ላይ ጭራሽ አይነበብም። በስኮት ወረቀት ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርቀት የሚያሳየው ጊዜን ነው። የዚያ የ250 ሄርዝ ሹካ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል በሚጓዝበት አየር ውስጥ ርዝመተ ሞገዱ 1.36 ሜትር ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያለውን ርቀት ግን ሲሊንደሩን ያዞረው እጅ እንደ ፍጥነቱ ያሰፋዋል፣ ያጠበዋል።