የሕፃናትን ቋንቋ የመረዳት ችሎታ በመሣሪያ ስለ መመርመር፤ ከመተማ ቆላ አንጻር

ሕፃን ልጅ ከመናገሩ በፊት ይሰማል፤ መረዳቱን ግን በአፉ ሊያስረዳን አይችልም። ታዲያ ፈታኝ የልጁን መረዳት በምን ያውቃል? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ እንዴት እንደተመለሰ መርምረን፣ መልሱ በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ላሉ ልጆች የሚበጅ መሆን አለመሆኑን ማመዛዘን ነው።

መተማ በታሪካችን የሚታወቀው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው የወደቁበት ቦታ በመሆኑ ነው። ነገር ግን የጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን የገበያ በርም ስለሆነ፣ አማርኛ፣ የጉምዝ ቋንቋና ዓረብኛ ጎን ለጎን ይሰሙበታል። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ብዙ ነው፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ብዙ ስደተኞች በዚሁ በር ገብተዋል። ስለዚህ እዚህ ልጅን የሚፈትን ሁሉ አስቀድሞ በየትኛው ቋንቋ እንደሚጠይቅ መወሰን አለበት።

ለጥያቄው ከተሰጡት መልሶች አንዱ ሥዕል ማስጠቆም ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ሎይድ ደን ባሳተመው ፈተና ፈታኙ አንድ ቃል ይጠራል፤ ልጁም ከአራት ሥዕሎች አንዱን ይጠቁማል። ዘዴው ልጁን እንዲናገር አያስገድደውም። ሆኖም ምንም ያልገባው ልጅ እንኳ ከ40 ጥያቄዎች 10 ያህሉን በዕድል ብቻ ሊመልስ እንደሚችል ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዛሬ በታብሌት ላይ ልጁ ራሱ እየነካካ የሚፈተንባቸው አፖች በአብዛኛው የዚህ ዘዴ ልጆች ናቸው።

ልጅን ከመሣሪያ ጋር ብቻውን በመተው ረገድ አገራችን የታወቀ ምሳሌ አላት። በ2004 ዓ.ም. «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ፣ በያንዳንዳቸው ለ20 ያህል ልጆች፣ ያለ አስተማሪ ታብሌት ሰጠ። ለዐዋቂዎቹ በፀሐይ ኃይል መሙላትን ብቻ አስተማሯቸው፤ በየሳምንቱም ካርዱ እየተለወጠ ልጆቹ የነካኩት ሁሉ ይመረመር ነበር። አንድ ልጅ «ላየን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በመሣሪያው ላይ ጻፈ ተብሎ በደስታ ተነገረ። ነገሩ የሚያስደንቅ ነው፤ ዳሩ ግን ካርዱ የሚመዘግበው መንካትን እንጂ መረዳትን አይደለም። ልጁ በቤቱ ቋንቋ ስለ አንበሳ ምን ያህል እንደሚያውቅም አይነግረንም።

ከዚህ የተሻለ ጥንቃቄ በታንዛኒያ ታይቷል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. አሸናፊዎቹ በታወቁበት የ«ግሎባል ለርኒንግ ኤክስፕራይዝ» ውድድር፣ በታንጋ አውራጃ 2,700 ያህል ልጆች ለ15 ወራት በታብሌት ተማሩ። ትምህርቱ በስዋሂሊ ነበር፤ የንባብ ችሎታቸውንም ከመሣሪያው ውጭ ፈታኞች ቀርበው መዝነዋል።

ወደ መተማ እንመለስ። ታብሌቱ በመጽሐፍ ዓረብኛ «ቂጣ» ብሎ ድመትን እንዲነኩ ቢያዝ፣ አማርኛ ተናጋሪው ልጅ በምጣድ የሚጋገረውን ይፈልጋል። ከሱዳን የመጣው ልጅ ደግሞ በቤቱ ድመትን «ከዲሳ» ማለት ስለለመደ ሊያመነታ ይችላል። ሁለቱም ቋንቋ ያውቃሉ፤ መሣሪያው ግን ሁለቱንም «አልገባቸውም» ብሎ ይመዘግባል። በጉምዝ ቋንቋ ደግሞ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃልን ትርጉም ስለሚለይ፣ ባለቋንቋው ያልቀዳው ድምፅ ልጁን ከማሳሳት በቀር ጥቅም የለውም።

በእርግጥ መሣሪያው የራሱ ጥቅም አለው። አይሰለችም፣ አይቆጣም፣ ለሁሉም በአንድ ድምፅ ይናገራል፤ እንግዳ ሰው ፊት አንገቱን የሚደፋ ልጅም በፊቱ ይደፍራል። እንግዲህ በእኛ አስተያየት በዚህ ቆላ ቢሠራበት፣ አንደኛ፣ ድምፁን የአገሩ ሰዎች ሊቀዱት፤ ሁለተኛ፣ ልጁ በሚሰማቸው ቋንቋዎች ሁሉ ሊጠየቅ፤ ሦስተኛ፣ ለልምምድ የነካካው ከውጤቱ ውጭ ሊሆን፤ አራተኛ፣ ልጁን የሚያውቅ ሰው ውጤቱን ሊያይ ይገባል። ይህ ካልተደረገ ቋንቋው ያልተጠየቀ ልጅ «ደካማ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ትምህርት ቤት ሲገባም ይህ ስም ቀድሞት ይጠብቀዋል።