ዳገቱ ለማን ክፍት ነው? የናይሮቢ የተራራ ብስክሌት ታሪክ ሲዳሰስ

ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,795 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ወደ ምዕራብ ሲወጡ ሊሙሩ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፤ የንጎንግ ኮረብቶች አናት ደግሞ 2,460 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ምድሩ ተቆርሶ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። በንጎንግ አናት ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። በደረቁ ወራት ቀዩ አፈር ይልምና ጎማ ያንሸራትታል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚዘልቀው ዋናው ዝናብ ደግሞ ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው ዋልካ ጎማውንና ካቴናውን ጠቅልሎ ይይዛል፤ ብስክሌተኛውም ብስክሌቱን ይሸከማል።

አገር አቋራጭ የተራራ ብስክሌት ውድድር የሚፈልገው እንዲህ ያለ ምድር ነው። በኦሊምፒክ የሚደረገው ዓይነት ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙር እየተደጋገመ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጃል። ሁሉም በአንድ ላይ ይነሣሉ፤ መንገዱ ግን ብዙ ሳይርቅ አንድ ሰው ብቻ ወደሚያሳልፍ ቀጭን መሄጃ ይጠባል። ስለዚህ ከፊት ለመግባት ገና ሲጀመር ሙሉ ጉልበት ይወጣል። አቀበቱ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ በዛለ ክንድ ፍሬን እየመጠኑ በድንጋይና በዛፍ ሥር መካከል መስመር መምረጥ ግድ ነው። ጉልበቱ በሥልጠና ይመጣል። የቁልቁለቱን ጥበብ ግን ከሁሉ የተሻለ የሚማረው በልጅነቱ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ወድቆ የተነሣ ነው። የናይሮቢ ዙሪያ ይህን ሁሉ ይዟል። የከተማዋን የብስክሌት ታሪክ ሳይ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ይህ ምድር ለማን ክፍት ነበር?

በኬንያ ገጠር ብስክሌት ከስፖርት በፊት የሥራ መሣሪያ ነበር። ሕዝቡ «ብላክ ማምባ» የሚለው ከባዱ ጥቁር ብስክሌት ወተት፣ ውሃና ከሰል ተሸክሟል። በኡጋንዳ ድንበር አካባቢ ሰው እያፈናጠጠ የሚያሻግረው ቦዳ ቦዳም መጀመሪያ ብስክሌት ነበር፤ ሞተሩ ኋላ ነው የመጣው። የተራራ ብስክሌት እሽቅድምድም ደግሞ ከሌላ ዓለም ነው የተነሣው። በ1976 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ ወጣቶች አሮጌ ብስክሌቶችን እያሻሻሉ ቁልቁለት ይሽቀዳደሙ ጀመር። በ1990 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በኮሎራዶ ዱራንጎ ተካሄደ፤ በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ገባ። ለመዝናኛ የተሠራው ይህ ውድ ብስክሌት ናይሮቢ ሲደርስ አቅም ያለው ቤተሰብ እጅ ገባ። በዳገቱ ሥር የተወለደው ልጅ ብላክ ማምባውን እየገፋ ቀረ።

ይህን ክፍተት ለመዝጋት ሕይወቱን የሰጠ ሰው ዴቪድ ኪንጃ ነው። ኬንያን ወክሎ የተወዳደረው ኪንጃ ከናይሮቢ በስተምዕራብ፣ ኪኩዩ አጠገብ ባለችው መንደሩ፣ ቆርቆሮ ክዳን ቤቱን ለሰፈር ልጆች ክፍት አደረገው። ክለቡ ሳፋሪ ሲምባዝ ይባላል። ልጆቹ እዚያ ብስክሌት መንዳት ብቻ ሳይሆን ፈትቶ መግጠምንና ከመነዳሪ መለጠፍንም ይማራሉ። ለድሃ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር መጠገን የማያውቅ ብስክሌተኛ አንድ ብልሽት ከስፖርቱ ያስወጣዋል።

በ1985 ናይሮቢ የተወለደው ክሪስ ፍሩም እናቱ ወደ ኪንጃ ስትወስደው ገና ልጅ ነበር። በተራራ ብስክሌቱ ከመንደሩ ልጆች ጋር የንጎንግን ዳገት ወጣ፤ አብሯቸውም ኡጋሊ በላ። በ2006 በሜልበርን የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ለኬንያ ተወዳደረ። ከ2008 ጀምሮ ለብሪታንያ ነዳ፤ ቱር ደ ፍራንስንም በ2013፣ 2015፣ 2016 እና 2017 አሸነፈ። ፍሩም በችሎታውና በትጋቱ ያገኘውን የሚነፍገው የለም። ነገር ግን ከእሱ ጋር በዚያ ዳገት ላይ ያላቡት የመንደሩ ልጆች እሱ ያገኘው የደቡብ አፍሪካ ትምህርት ቤትም የአውሮፓ ፓስፖርትም አልነበራቸውም። አሰልጣኙ አንድ፣ ዳገቱም አንድ ነበር። ከዳገቱ ወዲያ ያለው በር ግን ለሁሉም እኩል አልተከፈተም።

ከናይሮቢ በስተምዕራብ ያለው መንገድ ራሱ ታሪክ አለው። ከሊሙሩ ገደል ወደ ማይ ማሂዩ የሚወርደውን መንገድ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የሠሩት የጣሊያን ምርኮኞች ናቸው። ኢትዮጵያ ነጻ በወጣችበት የምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ ከተማረኩት ብዙዎቹ ወደ ኬንያ ተወስደው ነበር። በ1942 የሠሯት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ከመንገዱ ዳር ትታያለች። የእኛ ታሪክና የናይሮቢ ዳገት በዚህ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ።

በከተማዋ ውስጥ ደግሞ ካሩራ ጫካ አለ። በ1932 በአዋጅ የተከለለው ይህ ጫካ 1,041 ሄክታር ገደማ ይሰፋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከፊሉ ለግል ባለሀብቶች መታደሉ ሲታወቅ ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይና ተከታዮቻቸው ችግኝ ይዘው ተነሡ። ጃንዋሪ 8 ቀን 1999 በጫካው በር ላይ ተደብድበው ራሳቸው ተፈነከተ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ የሕዝብ መሬት ዕደላ እንዲቆም አዘዙ፤ ማታይም በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ የአካባቢው ማኅበረሰብ ከኬንያ የደን አገልግሎት ጋር ሆኖ ጫካውን ይጠብቃል፤ በውስጡም የብስክሌት መንገዶች ተዘርግተዋል። ያ ትግል ባይኖር ዛሬ በዚያ ዛፍ ሥር የሚነዳው ልጅ የቪላ አጥር ያገኝ ነበር። ለዚህ ስፖርት ማታይ ያደረጉት ውለታ ከማንኛውም አሰልጣኝ አያንስም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የብስክሌተኞች ትውልድ ውድድሩን ራሱን ወደ አገር ቤት ማምጣት ጀመረ። በኬንያ ተራራ ላይ ከ3,000 ሜትር ገደማ ቁልቁል የሚነዳው «ቴን ቱ ፎር» የተራራ ብስክሌት ውድድር ለተራራው ጥበቃ ገንዘብ ያሰባስባል። በ2021 በማሳይ ማራ የተጀመረው «ማይግሬሽን ግራቭል» ደግሞ በአራት ቀን 650 ኪሎ ሜትር ያህል በኮረኮንች ላይ ያስኬዳል። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ቪዛ የሚከለከሉ የምሥራቅ አፍሪካ ብስክሌተኞች ከዓለም ምርጦች ጋር በገዛ ምድራቸው እንዲለኩ። የዚህ እንቅስቃሴ ፊታውራሪ «ቲም አማኒ» የተባለው የብስክሌት ቡድን አምበል ሱሌይማን ካንጋንጊ ነበር። ነሐሴ 2022 በአሜሪካ ቨርሞንት በውድድር ላይ ወድቆ በ33 ዓመቱ አረፈ። እሱ የከፈተውን በር ጓደኞቹ አልዘጉትም።

ይህ ታሪክ እኛንም ይመለከታል። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልበርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሰለፍ ከሯጮቿ ጎን እነ ገረመው ደንቦባን በብስክሌት አሰልፋለች። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። አዲስ አበባ በከፍታ ከናይሮቢ ትበልጣለች፤ በ2020 የተከፈተው እንጦጦ ፓርክም የብስክሌት መንገድ አለው። ምድሩም ጉልበቱም ሞልቶናል።

ናይሮቢ የምታስተምረን ሦስት ነገር ነው። መሬቱ የሕዝብ ሆኖ ይጠበቅ፤ ለልጆች በሩን የሚከፍት የሚያሠለጥንና የሚጠግን ሰው ይኑር፤ ውድድሩም እዚሁ፣ የሰፈር ልጅ በእግሩ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ይካሄድ። እንጦጦ ሥር በሽሮ ሜዳና በጉለሌ የሚያድጉ ልጆች ዳገቱን ከማንም በፊት ያውቁታል። የመግቢያ ዋጋና የብስክሌት ኪራይ ከእነሱ አቅም በላይ ከሆነ ግን ያ መንገድ ለእንግዳ ብቻ የተሠራ ይሆናል። ፌዴሬሽኑም፣ የከተማ አስተዳደሩም፣ አቅም ያለን ሁላችንም ለእነዚህ ልጆች የተወሰነ ቀን፣ ጥቂት ብስክሌትና አንድ የጥገና ክፍል ብናዘጋጅ የሚቀጥለው ሻምፒዮን ከዚያ ሊወጣ ይችላል። ባይወጣ እንኳ የገዛ ዳገታቸውን በነጻነት የሚወጡ ልጆች ይኖሩናል፤ ይህ ለብቻው ሊደከምለት የሚገባ ነው።