ስሙ የቀረ ጨዋታ፤ ከአባቶቻችን ሰንጠረዥ የምንማረው



በጅቡቲ ከተማ የሚገኘው ሜኔሊክ አደባባይ፣ አገሪቱ እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1977 ነጻ ከወጣች በኋላ የዚያን ቀን ስም ይዟል። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ሜኔሊክ ይለዋል። ስም እንዲህ ዕድሜው ረጅም ነው። «ሰንጠረዥ» የሚለውም ቃል እንደዚሁ ነው፤ ዛሬ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ቁጥር የሚደረደርበትን መስመር ነው። ነገሥታትና መሳፍንት የሚፋለሙበት ጨዋታ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ጨዋታው ከህንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስም ወደ ዐረቦች አልፎ ወደ እኛ እንደ ደረሰ ስሞቹ ይመሰክራሉ። «ፊል» በዐረብኛ ዝሆን ነው፤ «ፈርዝ» በፋርስ የንጉሥ አማካሪ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል (1508–1540 እ.ኤ.አ.) ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያም የትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ ጨዋታውን አጥብቀው ይወዱ እንደ ነበር እንግሊዛውያን ተጓዦች መዝግበዋል። እ.ኤ.አ. ከ1935ቱ የጣልያን ወረራ በኋላ ግን የመኳንንቱ ቤት ሲፈርስ ጨዋታውም አብሮ ጠፋ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ታሪኩንና ሕጉን አሰባስበው ባይጽፉት ኖሮ ብዙው ነገር ተረስቶ በቀረ ነበር።

እንግዲህ ቼዝ ለመማር የሚፈልግ ወጣት ከዚህ ምን ያገኛል?

አንደኛ፤ የባላጋራህን እጅ ተመልከት። የሰንጠረዥ መክፈቻ «ወረራ» ይባል ነበር። ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የሌላውን አሰላለፍ አይተውም የራሳቸውን ይለውጣሉ። ዐይኑን ከራሱ ጠጠር የማያነሣ ሰው ገና ጦርነቱ ሳይጀመር ተሸንፏል።

ሁለተኛ፤ ለመብላት አትቸኩል። የመጀመሪያዋ ጠጠር ስትበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ በተራ ነው። ስለዚህ ሠራዊቱን ሳያሰልፍ የበላ ሰው የማሰለፊያ ጊዜውን በገዛ እጁ ዘጋ ማለት ነው። በዛሬውም ቼዝ ጠጠሮቹን ከቤታቸው ሳያወጣ ለአንዲት ወታደር የሚሮጥ ተጫዋች መጨረሻው ይኸው ነው።

ሦስተኛ፤ የእያንዳንዱን አቅም ዕወቅ። በአውሮፓ ከ1500 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ንግሥቲቱ በርትታለች፤ በእኛ አገር ግን አሮጌው አካሄድ ጸንቶ ኖረ። ፈርዝ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል በማዕዘን ሁለት ቤት ይዘላል፤ ከ64ቱ ቤቶችም የሚደርስባቸው 8 ብቻ ናቸው። ብቻውን አገር የሚያቀና ኃያል ስለሌለ ደካሞቹ ተደጋግፈው መሄድ ነበረባቸው።

አራተኛ፤ መጨረሻውን ከመጀመሪያው አስብ። ጠጠሩ ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማለት አይፈቀድም ነበር። እንግዲያስ ሁሉን ጠራርጎ የበላ ስስታም ድሉን ራሱ በላው። በፈረስ ወይም ዛሬ ግንብ በምንለው ጠጠር ማት ማለትም እምብዛም አያስመሰግንም፤ ክብሩ በትንንሾቹ ማሸነፍ ነበር።

ወገኖች ሆይ፤ የሰንጠረዥ ገበታ ጥቁርና ነጭ ቀለም አያስፈልገውም፤ በጨርቅ ላይ የተሰመረ መስመር ይበቃዋል። ይህ በሰፈራችን አይታጣም። የታላላቆች ቤት ሲፈርስ የጠፋውን ጨዋታ ከድንኳን ውስጥ ልናነሣው እንችላለን። ከአያቱ የሰማ ቢኖር ይናገር፤ የሚሰማም ይጻፍ። ያልተጻፈ ነገር ከስደተኛ ጋር መንገድ አይሄድምና።