የአዋሽ ጥጥና አረሙ

የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያስገኘው የኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ አልነበረም። በክረምት የሚያጥለቀልቀው፣ በበጋ የሚመነምነው አዋሽ ልጓም ስለ ገባለት፣ በሸለቆው ጥጥን በመስኖ በሰፊው ማልማት ተቻለ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በተንዳሆም ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የተሳተፈበት እርሻ ተስፋፋ። የዚህ ልማት ታሪክ ዘወትር በግድብና በሄክታር ይተረካል፤ በአረም ቢተረክ ግን ለመሐንዲሱ ይበልጥ ያስተምረዋል።

አረሙ ውሃውን ተከትሎ መጣ። ዝናብ ጠብቆ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ይለመልም የነበረው ሣር፣ ቦዩ እርጥበት ሲያዘወትርለት በዳርቻው ዘሩን ያራግፍ ጀመር፤ ውሃ በተለቀቀ ቁጥርም ዘሩ ወደ ትልሙ ይወርዳል። ጥጥ በለጋነቱ ዕድገቱ ዝግ ያለ ተክል በመሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስትና ስምንት ሳምንታት ካልታረመለት ምርቱ ክፉኛ ይቀንሳል። ከሁሉም የከፋው ሳይፐረስ ሮተንደስ የተባለው የእንግጫ ዘመድ ነው። ከመሬት በታች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ጠጣር ሥሮች ስላሉት፣ ትራክተሩ አጠፋሁት ሲል ይበጣጥሳቸዋል፤ እያንዳንዱም ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ትሪፍሉራሊንን የመሰለው መድኃኒት የሣርን ዘር እንጂ ይህን አይገታም። ስለዚህም ሸክሙ የወደቀው ከደጋው ወርዶ፣ ሙቀቱንና ወባውን ችሎ በሚኮተኩተው የቀን ሠራተኛ ጫንቃ ላይ ነበር።

ሰፋፊ እርሻዎች በ1967 ዓ.ም. ወደ መንግሥት ከተዛወሩ በኋላ መስኖው በአሚባራ ይበልጥ ተስፋፋ። የውሃ ማስገቢያው ሲታሰብ ማፋሰሻው ግን እኩል አልታሰበም። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ አለ፤ ጨው ወደ ላይ ወጣ፤ ማሳዎችም ተራ በተራ ተተዉ። በዚሁ በ1970ዎቹ፣ ነፋስ እንዲከላከልና ጥላ እንዲሆን ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ ዛፍ በአካባቢው ተተክሎ ነበር። ከብቶች ጣፋጭ ፍሬውን በልተው ዘሩን በፋንድያቸው አዳረሱት፤ ጎርፍና ቦይም አገዙ። ጨው የማይበግረው ይህ ዛፍ የተተዉትን ማሳዎች ወረሰ፤ የአፋርንም አርብቶ አደር ከግጦሹና ከወንዙ ዳር አገደው። አፋሮች «ደርጊ ሐራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ ብለው መሰየማቸው ተክሉ በማን እጅ እንደ መጣ አለመርሳታቸው ነው።

መሬቱን ለጥጥ መልሶ ለማቅናት ዛፉን ከላይ መቁረጥ አይበቃም፤ ከግንዱ ሥር ያሉት እምቡጦች ወዲያው ያቆጠቁጣሉ። ጉቶው ከአፈሩ በታች ተቆፍሮ መነቀል፣ ቀጥሎም ማፋሰሻው መጠረግ አለበት።