ጦስ፦ ተሸካሚ የሚፈልግ ቃል

በአማርኛችን ሰውን ስንወቅስ «ጥፋት»፣ «በደል»፣ «ጦስ» እንላለን። ሦስቱ ግን አንድ አይደሉም። ጥፋትና በደል ሠሪ አላቸው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ ተብሎ ይጠየቃል። ጦስ ግን ከሠሪው ይልቅ ተሸካሚ ይፈልጋል።

የቃሉ መሠረት ይህንኑ ያስረዳል። ሰው ሲታመም በራሱ ላይ ዶሮ ያዞሩና ይጥሏታል፤ ሕመሙን ይዛ ሄደች ይባላል። ይህች የጦስ ዶሮ ናት። ዶሮዋ ሰውየውን አላሳመመችም፤ የተመረጠችው ለእጅ ስለቀረበች ነው። ቆይቶ ቃሉ ሰፋና ማንኛውም መዘዝ ሲመጣ «የእገሌ ጦስ ነው» ማለት ተለመደ።

በእኛ በካፋ ይህን ሸክም ሰውም ተሸክሞታል። ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. መባቻ እስኪማረኩ ድረስ በቆየው መንግሥት፣ ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን አዳኞችና የበር ጠባቂዎች ነበሩ። አገር እየጠበቁ፣ ጉሬዛና የዱር አሳማ ይበላሉ ተብለው ከሌላው ቤት አይገቡም፤ በጋብቻም አይፈለጉም ነበር። መንግሥቱ አለፈ፤ ንቀቱ ግን አብሮት አላለፈም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። ይሁን እንጂ አዋጅ አፍን ይይዛል እንጂ ልብን አያጥብም።

ዛሬም ከማንጆዎች ብዙዎቹ ማገዶና ከሰል እየሸጡ ይኖራሉ። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው የካፋ ደን ሲመናመን «የከሰል ሻጩ ጦስ ነው» ማለት ይቀላል። ነገር ግን ደኑ ለእርሻ፣ ለሰፈራና በዉሽዉሽ ለሻይ ተክል ጭምር ተመንጥሯል። ከሰሉንስ በቦንጋ ገበያ ገዝቶ ቡና የሚያፈላው ማን ነው? እኛው አይደለንምን? ሻጩ ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም፤ የሁላችንን ድርሻ በእርሱ ራስ ላይ ማዞር ግን ፍርድ አይደለም።

ኢስላም ሰው ሁሉ በገዛ ሥራው እንደሚጠየቅ፣ ወሬም ሲመጣ እንዲጣራ ያስተምረናል። ሰውን ገደ ቢስ አድርጎ መመልከትንም ይከለክላል። ስለዚህ «ጦስ» የሚለው ቃል ከአፋችን ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ይህ ሰው በእርግጥ አድርጎታል? ብቻውን ነው ያደረገው? ወይስ የመረጥነው ደካማና ቅርብ ስለሆነ ነው?

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ማስረጃ ካለን ነገሩ ጥፋት ነውና በስሙ እንጥራው፤ ለዳኛም ለሽማግሌም እናቅርበው። ማስረጃ ከሌለን ግን ዝም ማለት ይሻላል። ዶሮዋ የተጣለችበት ቤት ሕመምተኛው አሁንም ተኝቷልና፤ መድኃኒት የሚፈልገውም እርሱ ነው።