የክረምት እንግዳ፤ የጋይንት ቤቶችና የድጓ ተማሮቻቸው

ስለ አገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ታሪክ የተጻፈውን የሚመለከት ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው የመምህራንን የትውልድ ተራ ነው። እገሌ ከእገሌ ተማረ፥ እገሌም ለእገሌ አስተማረ እየተባለ ቆጠራው እስከ ቅዱስ ያሬድ ድረስ ይወጣል። ተማሪው ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ምን በልቶ እንደ ተማረ፥ ማንስ እንዳበላው አይጻፍም። በዚህ ጽሑፍ ልመለከተው የፈለግሁት ይህንኑ ያልተጻፈውን ነገር ነው። ቦታው በደቡብ ጎንደር በምሥራቅ በኩል ያሉት ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ ናቸው፤ ወራቱም ክረምት ነው።

ክረምትን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ መኝታ ቤት ነበረን፤ ሲደወል እንነሣለን፥ ሲደወል እንበላለን፤ የምግባችንም ሒሳብ በመዝገብ ይጻፋል። ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤቱ ይዘጋና ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ባለፈው ክረምት ግን ለጥናት ወደ ጋይንት ሄጄ በአንድ ገበሬ ቤት በእንግድነት ስቀመጥ፥ የአገሩ ተማሪ ቤት ክረምት ሲገባ የማይዘጋ መሆኑን አየሁ። ከሩቅ አገር የመጣው ተማሪ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ልመለስ ቢልም ወንዙ አያሳልፈውም። ስለዚህ ከወራቱ ሁሉ የሚከብደውን ጊዜ የሚያሳልፈው በሰው አገር፥ በሰው እጅ ነው።

ተማሪውን ወደዚያ የሚወስደው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ መናገር ይገባል። በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ይኸውም በሌላ አገር ድጓ የተማረ ሰው ዜማውንና ምልክቱን አስመርምሮ መምህር ለመባል የሚበቃባት ደብር ማለት ነው። በሊቃውንት ዘንድ የሚታወቁት የድጓ ስልቶች ቤተ ልሔም፥ ቆማና አጫብር ሲሆኑ ከሦስቱ በብዙ ስፍራ የሚሠራበት የቤተ ልሔሙ ነው። የዝማሬና መዋሥዕት ምስክር የሆነችው ዙር አምባም በዚያው በጋይንት አገር ትገኛለች፤ ቅዱስ ያሬድ በስፍራው ተቀምጦ አስተምሯል የሚል ትውፊት አላት። የድጓ ምልክት የተደራጀው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል መሆኑ ይነገራል፤ እነርሱ የሠሩት ግን ከበሽሎ ማዶ በተድባበ ማርያም ነው። እንግዲህ ጋይንት ብቻዋን የዜማ አገር ናት ለማለት አይደለም። ነገር ግን ማኅተሙ ከእርሷ ዘንድ ስለ ሆነ ከጎጃምም፥ ከወሎም፥ ከትግራይም ተማሪ ይመጣባታል።

የቤተ ልሔምን ሕንፃ ለውጭው ዓለም ያሳወቀው ራሱ እንግዳ የነበረ ወጣት ነው። ቶማስ ፓክንሃም ከኦክስፎርድ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ፥ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው፥ በ1955 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በበቅሎ ተጓዘ፤ ጉዞውንም በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ተረከ። ከውጭ ሲታይ እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብና የሣር ክዳን ከሆነው ቤት ውስጥ ከመካከለኛው ዘመን የቆየ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ሕንፃ ተሸሽጎ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤተ ልሔም የሚሄድ ተመራማሪ የሚያየው ሕንፃውን፥ ሥዕሉንና ብራናውን ነው። ከሕንፃው በስተውጭ ያሉትን ጎጆዎች፥ ከጎጆዎቹም ወዲያ ያሉትን መንደሮች የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ወደ መንገዱ ልመለስ። በጎጃም ቅኔ ተምሮ ድጓውን በቤተ ልሔም ሊያስመሰክር የሚፈልግ ተማሪ ዓባይን መሻገር አለበት። ከሞጣ ወደ እስቴ በኩል የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ ነው። ድልድዩ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን በ17ኛው መቶ ዓመት ተሠርቶ በኢጣልያ ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈረሰ፤ ስሙንም ያገኘው በዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ ከስልሳ ዓመት በላይ የሁለቱ አገር ሰው ከወዲህና ከወዲያ በተያዘ ገመድ ታስሮ በክፍተቱ ላይ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. በብረት ተጠገነ፥ በ2005 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፥ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአጠገቡ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ይህን ሁሉ መጻፌ የድልድይ ታሪክ ለመተረክ ሳይሆን፥ ሰኔ ላይ ዓባይን የተሻገረ ተማሪ ወንዙ ከሞላ በኋላ መመለሻ እንዳልነበረው ለማስረዳት ነው። በምሥራቅ በኩል ከወሎ ለሚመጣውም በሽሎ እንዲሁ ነው። ክረምት በዚያ አገር በር ይዘጋል፤ ተማሪውም በውስጥ ይቀራል።

በውስጥ የቀረው ተማሪ የት ያድራል ቢባል፥ በመምህሩ ቤት ዙሪያ በገዛ እጁ በሠራት ጎጆ ነው። ስለዚህ በእንግድነት መኖር ስንል ከባለቤቶቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መተኛት ማለት አይደለም። ሌሊቱ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ምግቡ ግን የመንደሩ ነው። ተማሮች መንደሮችን ይከፋፈላሉ፤ አንዱ ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል፥ በአንድ ቀን ሁለት ተማሪ አንድን ደጅ እንዳያስቸግር። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ለውሻ የሚሆን በትር ይዞ ከደጅ ይቆምና «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ዝናብ የመታው ደበሎ እንዴት እንደሚሸት ለማያውቅ አንባቢ መግለጽ አይቻልም፤ አንዳንድ ባለቤት ተማሪውን ከደጅ የማያስገባው ስለ ንፍገት ብቻ አይደለም።

እንግድነት የተቀመጥሁበት ቤት ሴት አያት መነኩሲት ናቸው። ልጅ ሳሉ እናታቸው እንጀራ ጋግረው ሲያወጡ ከመሶቡ ጥግ አንድ ቁራሽ ለይተው ያስቀምጡ እንደ ነበር፥ ቁራሹንም «የተማሪ» ይሉት እንደ ነበር ነገሩኝ። እኔም መልሱን የማውቅ መስሎኝ፥ «እማሆይ፥ ክረምት ሲሆን ቁራሹ ያንሳል እንጂ አይቀርም ነበር አይደለም?» አልኋቸው። «ይቀራል እንጂ ልጄ፤ ለምን ይዋሻል። የሌለውን ከየት ታመጣዋለህ?» አሉኝ። በዚያን ቀን ለተማሪው የሚሰጠው መልስ «እግዚአብሔር ይስጥህ» የሚል ነው። ቁራሽ ባገኘበት ቀን ደግሞ እርሱ ራሱ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል። ማመስገኛውና መከልከያው በሁለት ፊደል ብቻ ይለያያል፤ ተማሪውም ዓመቱን ሙሉ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል።

ክረምት የሚከብድበትን ምክንያት ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። በሐምሌና በነሐሴ ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ አልቋል፥ አዲሱም አልደረሰም። በጉና ግርጌ ባለው ደጋ ሕይወቱ ገብስና ድንች ነው፤ ገብሱ እስኪደርስ ድረስ ባለቤቱ ራሱ ቆጥሮ ይበላል። ተማሪን ከሁሉ በላይ የሚያጠግበው ተዝካር ደግሞ እህል በሚገኝበት ወራት እንጂ በክረምት እምብዛም አይደገስም። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ የፍልሰታ ጾም ይገባል። እንዲያውም አንድ የቀድሞ ተማሪ፥ ፍልሰታ የተሠራችው ለተማሪ ነው፤ ማጣቱ ጾም ይባልለታልና ብሎ አስቆኛል። በዚሁ ጊዜ ተማሪው ከመምህሩ የተቀበለውን ቃል በቃል ማጥናት፥ ብራና ያገኘም እንደ ሆነ የራሱን ድጓ መገልበጥ አለበት። ድጓ የዓመቱን በዓላትና ሳምንታት ሁሉ የሚያዳርስ መጽሐፍ ስለ ሆነ ነገሩ የአንድ ክረምት ጉዳይ አይደለም፤ ብዙ ክረምት ይፈጃል።

ቤቶቹ ስለ ምን ይሰጡ ነበር? ስለ ጽድቅ ነው ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፥ ውሸትም አይደለም። ነገር ግን የሰማሁት ሁሉ ከዚህ ሰፋ ያለ ነው። ተማሪ ለታመመ ሰው ዳዊት ይደግማል፥ ክታብ ይጽፋል፥ ልጆችን ፊደል ያስቆጥራል፥ ቤተ ሰው ሲሞት በፍትሐቱ ያዜማል። ከዚህም ሌላ ፍርሃት አለ። ደብተራ ድግምት ያውቃል የሚል ወሬ ስላለ፥ ዛሬ ባዶውን የሸኙት ልጅ ነገ ምን ሆኖ እንደሚመለስ አይታወቅም። ፍቅር፥ ጥቅምና ፍርሃት በአንድ መሶብ ተቀላቅለው ይቀርባሉ፤ ታሪክ ጸሐፊ አንዱን ብቻ ለይቶ ቢያወጣ የሚሳሳት ይመስለኛል።

ከዚህ ላይ የአስተዳደሩን ነገር ማየት ያስፈልጋል። በቀድሞው ሥርዓት ነገሥታት ለአብያተ ክርስቲያናት ጉልትና ሪም ሲሰጡ የተቆጠሩት በአገልግሎት ላይ ያሉት ካህናትና መምህራን ነበሩ። ከሩቅ የመጣው ተማሪ የደብሩ አገልጋይ ስላይደለ በዚያ ድርሻ አይገባም፤ ድርሻው ያው በየደጁ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ደብሩም መሬቱን አጣ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ተማሪውን ብቻ ሳይሆን መምህሩንም የሚሸከመው ይበልጡን የገበሬው ቤት ሆነ። እንግዲህ ጉልቱ የተማሪ ቤቱ ምሰሶ ነበረ የሚለውን አስተያየት ያለ ጥንቃቄ መቀበል አይገባም። መሬቱ ከሄደ በኋላ ጎጆዎቹ አልፈረሱምና።

የሚያሳስበው ግን ይህ ምሰሶ የቆመበት መሬት ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን ከብቱ አልቆ ገበሬው ራሱ ተሰድዶ ነበር። በ1977 ዓ.ም. የሰሜኑን አገር የመታውም ድርቅ የቅርብ ትዝታ ነው። በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም ሲጀመር ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንትና ስማዳ በእርሱ ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ ሆኑ። ይህም ማለት የድጓን ማኅተም የያዘው አገርና የምግብ ዋስትና የጎደለው አገር አንድ ነው ማለት ነው። የራሱን ክረምት ለመሻገር ርዳታ የሚያስፈልገው ቤት የሰው አገር ልጅ ሲቀልብ ኖሯል።

ተማሪ በሰው አገር መኖሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የሌሎቹ አያያዝ ግን የተለየ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ ለትምህርት ወደ ሰው አገር የሚጓዙትን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ፤ በቦሎኛም ተማሮች ተባብረው ከከተማው ጋር ስለ ቤት ኪራይ ይከራከሩ ነበር። በካይሮ በአልአዝሃር ከእኛ አገር ለሚሄዱት እስላም ተማሮች «የጀበርቲ ሪዋቅ» የሚባል የተለየ መኖሪያ ነበራቸው፤ የታወቀው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ አልጀበርቲም የዘር ሐረጉ ከእነርሱ ነው። በቦሎኛ ሕግና ውል፥ በካይሮ ሪዋቅ ነበረ፤ ሁለቱም ጽሑፍ ይተዋሉ፥ ታሪክ ጸሐፊም ከዚያ ይነሣል። በጋይንት የነበረው የእመቤታችን ስም ነው፤ በየጠዋቱ ተጠርቶ በየጠዋቱ ያልቃል፥ መዝገብም የለው። የታሪካችን ጉድለት ከፊሉ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ሌላም ጉድለት አለ። ተማሪ በሰው አገር የሚጠራው በአገሩ ስም ነው፤ ጎጃሜው፥ ላስቴው፥ ትግሬው ይባላል። ወላጆቹ ከእረኝነት ጠፍቶ የሄደውን ልጅ ፈልገው እንዳይመልሱት ስሙን ሸሽጎ የሚኖርም ነበር። እማሆይ በልጅነታቸው ሦስት ክረምት በቤታቸው ደጅ የቆመ አንድ ጎጃሜ ያስታውሳሉ። ድምፁን ያውቁታል፥ እጁ ላይ ውሻ የነከሰውን ጠባሳ ያውቃሉ፥ ታናሽ ወንድማቸውን ፊደል ያስቆጠረ እርሱ ነው። በመስከረም ወንዙ ሲጎድል ተመስክሮለት ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰሙም። ክርስትና ስሙን ስጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና «አልጠየቅነውም እኮ፤ እርሱም የእናቴን ስም የሚያውቅ አይመስለኝም» አሉኝ።