የኤሌክትሪክ ኮረንቲ

የኤሌክትሪክ ኮረንቲ በመሪ አካል ውስጥ የሚካሄድ የኤሌክትሪክ ሙል ፍሰት ነው፤ መለኪያው አምፔር ሲሆን፣ 1 አምፔር በ1 ሰከንድ የሚያልፍ 1 ኩሎምብ ሙል ነው። በዓይን ስለማይታይ የሚታወቀው በውጤቱ ነው፦ ሽቦን ያሞቃል፣ ፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ ውህዶችን ይለያያል፣ በዙሪያውም መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። የመጨረሻውን ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ እ.ኤ.አ. በ1820 አሳይቷል።

ከውጤቶቹ ሁሉ የኃይል አውታርን ቅርጽ የወሰነው ሙቀቱ ነው። ለዚህ የሱዳኗ ካርቱም ጥሩ ማስረጃ ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀው የመርዌ ግድብ 1,250 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ቢኖረውም፣ ከከተማዋ በስተሰሜን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሽቦ ላይ የሚባክነው ሙቀት በኮረንቲው መጠን ስኩዌር ያድጋል፤ ስለዚህ ያንኑ ኃይል በእጥፍ ቮልቴጅ መላክ ኮረንቲውን በግማሽ፣ ብክነቱን ወደ ሩብ ያወርዳል። ከግድቡ ወደ ካርቱም ጎረቤት ኦምዱርማን የሚመጣው መስመር 500 ኪሎቮልት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሽቦውን ማወፈር አይበቃም ነበር? የሽቦውን የቁርጥ ስፋት እጥፍ ማድረግ ብረቱን እጥፍ እያስወጣ ብክነቱን የሚቀንሰው በግማሽ ብቻ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ ግን አደጋም አለው። «የሚገድለው ኮረንቲ እንጂ ቮልቴጅ አይደለም» የሚለው የተለመደ አባባል ግማሽ እውነት ነው፤ በሰውነት ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊአምፔር ሊገድል ቢችልም፣ የሚገፋው ቮልቴጁ ነው። ስለዚህም መስመሩ በረጅም ምሰሶ ላይ ይንጠለጠላል፤ ቤት ሲደርስም በትራንስፎርመር ወደ 230 ቮልት ይወርዳል፤ እሱም ቢሆን ለሕይወት አደገኛ ነው።